ሁለት ወር ሙሉ ያማሁት ኮንዲሽነር

ስሙን አልጠራም። ነጭ ጠርሙስ ነው፣ 400 ሚሊ ሊትር፣ ሰፈራችን ካለው ኮስሞቲክስ ቤት በ900 ብር የገዛሁት። ሁለት ወር ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ገንዘባችሁን እንዳታባክኑ» ስል ከረምኩ። ጸጉሬ ታጥቦ ሲደርቅ ያው ገለባ ነው፤ ስሩ ደግሞ ቅባት በቅባት ሆኖ ልጥፍ ይላል። ጸጉሬ ጥቅልል ያለ፣ ትከሻዬን ያለፈ ነው፤ ሲበጠር እንባዬ ይመጣል።

ባለፈው ለሰርግ ጸጉር ቤት ስሄድ ጠርሙሱን ይዤ ሄድኩ (የራስን ይዞ መሄድ ይረክሳል)። የምታጥበኝ ልጅ ሻምፖውን ካስለቀቀች በኋላ ኮንዲሽነሩን ልትቀባኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጸጉሬን እንደ ልብስ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ በፎጣ ያዝ አደረገችው። «ቤት እንዴት ነው የምትቀቢው?» አለችኝ። ሻወር ስር ቆሜ፣ ከአናቴ ጀምሬ ወደ ታች፣ ከዛ ወዲያው እለቃለቃለሁ አልኳት። ሳቀችብኝ። «ታዲያ እህቴ፣ ውሃውን ነዋ ስታለሰልሺው የከረምሽው!»

እውነቷን ነው። ጸጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ ሲቀባ ኮንዲሽነሩ ይቀጥንና ከውሃው ጋር ተያይዞ ይወርዳል። እሷ ከጫፉ ነው የጀመረችው። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ የ30 ሴንቲ ሜትር ጸጉር ጫፍ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ፀሐይ፣ ፔስትራና ማበጠሪያ ሲፈራረቅበት የኖረ ነው። የሚጠማው እሱ ነው። ስሩን የራስ ቆዳችን ወዝ ይበቃዋል።

በአራት ከፈለችው፣ በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ ቀባችው፣ ከዛ ኮንዲሽነሩ እንዳለ ጥርሱ ራቅ ራቅ ባለ ሚዶ ከጫፍ ወደ ላይ እየፈታች መጣች። ቋጠሮ ሲይዛት አትጎትትም፤ ከቋጠሮው በላይ ያለውን በጣቶቿ ጠበቅ አድርጋ ትይዝና ከስር ከስሩ ትፈታዋለች። ምንም አላመመኝም። ለእኔ ይሄ ብቻ 900 ብሩን ያወጣል።

አምስት ደቂቃ ያህል አቆይታ አለቀለቀችው። «ሲታጠብ ሁሉም ይሄድ የለ እንዴ?» ለምትሉ፣ አይሄድም። በተለይ የተጎዳ ጸጉር ሲርስ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ ኮንዲሽነር ውስጥ ያሉት ዋና ማለስለሻዎች ደግሞ ፖዘቲቭ ናቸው፤ ይሳሳቡና ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ «ሴታሪል አልኮሆል» የሚል አይቼም ደንግጬ ነበር፤ ለካ የሚያደርቀው ዓይነት ሳይሆን ቅባትነት ያለው ነው።

አሁን በየሳምንቱ እንደዚሁ ቤት አደርገዋለሁ። ውሃ በሌለበት ቀን እንኳ ጫፍ ጫፉን ብቻ ስለምቀባ ሦስት ጆግ ይበቃኛል። ጸጉሬ ለስልሷል፣ ሚዶው ላይ የሚቀረውም ቀንሷል።

የማልወድለት ነገር አለ። ሽታው ከባድ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ከእኔ ቀድሞ ይገባል። ፊቱ ላይ ደግሞ «የተሰነጠቀ ጫፍ ይጠግናል» ይላል። አይጠግንም፤ ለጊዜው ያስተኛዋል እንጂ ለተሰነጠቀ ጫፍ መድኃኒቱ መቀስ ነው። እናቴ አሁንም «ቅቤ እያለልሽ» ትለኛለች። ቅቤን አልጠላም፣ ግን ሰኞ ቢሮ የምገባ ሰው ነኝ።

ሲያልቅ ደግሜ እገዛዋለሁ፤ ያው 900 ብር ከጠበቀኝ።