ባለ 30 ሚሊ ሜትር የቪትዝ ስፔሰር፦ ከ8 ወር የደሴ ኮምቦልቻ ምልልስ በኋላ

ስፔሰሩ (መኪናውን ከፍ ለማድረግ ሾክ አብዞርበሩ ላይ የሚገባው ማራዘሚያ) ራሱ ጥሩ ዕቃ ነው። በ8 ወር አልተሰነጠቀም፣ አልላላም፤ በደሴ ኮብልስቶንም ሆነ በየሰፈሩ ቦይ ላይ የመኪናው ሆድ መሬት መምታቱ ቀርቷል። የሚያናድደው መካኒኮች ገጥመው ሲያበቁ "አለቀ" ብለው ቁልፍ ማስረከባቸው ነው። አላለቀም፤ የጎማዎቹን አቋም ማስተካከል (አላይመንት) ይቀራል።

የቪትዝ ፊት እግር ማክፈርሰን ነው፤ ጎማውን ከላይ የሚይዘው ሾክ አብዞርበሩ ራሱ፣ ከታች ደግሞ አንድ ክንድ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ላይ ስፔሰር ሲገባ የታችኛው ክንድ ወደ ታች ያዘነብልና ጫፉ ወደ ውስጥ ይሳባል። የጎማው ግርጌ አብሮት ሲገባ አናቱ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ካምበሩ (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ጎን ያለው ዝንባሌ) ወደ ፖዘቲቭ ሄደ ማለት ነው። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ፣ የታይ ሮዱም አንግል ስለሚለወጥ ቶ (በሁለቱ ጎማዎች መካከል በፊትና በኋላ ያለው ርቀት ልዩነት) ይዛባል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጠበብ ባለው ኩርባ ላይ ይታወቃል፦ መሪው ተጠምዝዞም የመኪናው አፍንጫ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ክብደቱን የተሸከመው የውጭው ጎማ መንገዱን በትከሻው ብቻ ነው የሚይዘው።

ጎማ ቶሎ የሚጨርሰው ግን ቶ ነው። በ165/70 አር 14 ጎማ ጠቅላላው ቶ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ጎማ 0.3 ዲግሪ ያህል ጠሟል፤ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 5 ሜትር በጎኑ ይጎተታል። ደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ጉዞ ከ120 ሜትር በላይ አስፋልት እየፋቀ ይሄዳል ማለት ነው። መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ወደ ጎን፣ ወዲያና ወዲህ ያሳልፉ፦ በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በመልሱ እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ ቶ ነው። አንዱ ትከሻ ብቻ ልሙጥ ሆኖ ካለቀ ካምበሩን ይጠርጥሩ።

ሲያስገጥሙ የታችኛው ክንድ ብሎኖች መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ እንዲጠብቁ አይፍቀዱ፤ ጎሚኒው (የክንዱ ማሰሪያ ላስቲክ) ተጠምዝዞ ይቀርና ቀድሞ ይቀደዳል። በአራት ጎማው መሬት ከቆመ በኋላ ነው የሚጠብቁት። ከዚያ ካምበር፣ መጨረሻ ላይ ቶ፤ ካምበር ሲነካ ቶ ስለሚንቀሳቀስ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ለካምበር፣ ሾክ አብዞርበሩን ከታች ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች አንዱ ወገቡ ቀጠን ባለ የካምበር ብሎን ይተካል። በደንብ ካልጠበቀ ጉድጓድ ሲመታ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ብሎኑና ማቀፊያው ላይ በቀለም አንድ መስመር ያስምሩ፣ መስመሩ ከተሰበረ ተንሸራቷል። ቶውን በሁለቱም ታይ ሮድ እኩል ዙር ያሠሩ፤ በአንድ በኩል ብቻ ከዞረ መሪው ጠሞ ይቀመጣል።

ባለ 50ውን አልመክርም። የሲቪ ጆይንቱ (ከጊርቦክስ ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው አክስል መገጣጠሚያ) አንግል ይበዛል፣ ቡቱ (ግሪሱን የሚይዘው የላስቲክ ሽፋን) ቶሎ ይቀደዳል፤ በ30ውም ቢሆን ዘይት በለወጡ ቁጥር ጎንበስ ብለው ቡቱ ግሪስ አለመትፋቱን ይዩ።