ፌንደር ራምብል 500፦ ለሾው የሚሆን የባስ ኮምቦ

የባስ አምፕ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ አምፕ ድራምና ኪቦርድ ሲገቡበት ድምፁ የሚጠፋው ሁልጊዜ ዋት አንሶት አይደለም። ለሾው የሚሆን ኮምቦ (አምፕና ስፒከር በአንድ ሳጥን የያዘ) ሳይጨናነቅ የሚወጣ ጉልበት፣ መካከለኛውን ድምፅ ለይቶ የሚቆጣጠር ኢኳላይዘር እና ወደ ሚክሰር የሚሄድ ንጹህ መውጫ ያስፈልገዋል። ፌንደር ራምብል 500 ሦስቱንም አሟልቷል፤ በዚያ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞት ታክሲ ውስጥ ይገባል። ማታ ማታ ለሚሠራ ባሲስት በዚህ የዋጋ ደረጃ ከምንመክራቸው ቀዳሚው ነው፤ ድክመቶቹንም ሳንደብቅ።

የምንገመግመው በ2014 የወጣውን ሦስተኛውን ትውልድ ነው። ውስጡ ሁለት ባለ 10 ኢንች የኤሚነንስ ስፒከሮችና አንድ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) አሉት፤ ትዊተሩ ከኋላ ባለ ማብሪያ ማጥፊያ ይዘጋል። የኃይል ክፍሉ ክላስ ዲ የሚባለው ቀላል የማጉያ ዓይነት ስለሆነ ጠቅላላ ክብደቱ 16.5 ኪሎ ገደማ ነው። ድሮ በዚህ ጉልበት የሚሠሩ ኮምቦዎችን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ፊት ለፊት ባስ፣ ሎው ሚድ፣ ሃይ ሚድ እና ትሬብል የሚሉ አራት ማስተካከያዎች፣ ብራይት፣ ኮንቱር እና ቪንቴጅ የሚሉ ሦስት ቁልፎች፣ በእግር የሚበራ ኦቨርድራይቭም (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር) አለው። የጆሮ ማዳመጫና የስልክ ሙዚቃ ማስገቢያ ስላለው ለልምምድም ያገለግላል።

አሁን ስለ ዋቱ፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስሙ 500 ይላል እንጂ ኮምቦው ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው 350 ዋት ነው። ምክንያቱም ሁለቱ የውስጥ ስፒከሮች አንድ ላይ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ናቸው፤ አምፑ ሙሉ 500 ዋት የሚያወጣው በ4 ኦም ነው። 4 ኦም የሚገኘው ደግሞ ከኋላ ሌላ ባለ 8 ኦም ካቢኔት (ስፒከር ብቻ ያለው ሳጥን) ሲጨመርበት ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ብዙ የባስ ኮምቦዎች የሚጻፍባቸው በዚህ መንገድ ነው። ሲገዙ ግን ማወቅ ይበጃል።

ከ350 ወደ 500 ዋት መውጣት በዴሲቤል ሲታሰብ 1.5 ብቻ ነው፤ ጆሮ ብዙም አይለየውም። ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ካቢኔት ሲጨመር ለውጡ የሚሰማው ስፒከሩ በእጥፍ ስለሚጨምር ነው፤ እሱ ብቻውን ወደ 3 ዴሲቤል ይሰጣል። ስለዚህ ድምፅ አነሰኝ የሚል ሰው ትልቅ ዋት የተጻፈበት ሌላ ኮምቦ ከመፈለጉ በፊት ካቢኔት ይጨምር። የራምብል 112፣ 115 እና 210 ካቢኔቶች ሦስቱም 8 ኦም ስለሆኑ ይገጥማሉ። ባለ 4 ኦም ካቢኔት ግን ፈጽሞ አይሰካ። 8 እና 4 ኦም ጎን ለጎን ሲያያዙ 2.7 ኦም ገደማ ይሆናሉ፤ አምፑ የሚችለው ዝቅተኛ 4 ነው። ዕድል ከቀና መከላከያው ያጠፋዋል፤ ካልቀና የኃይል ክፍሉ ይቃጠላል። ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔቶች በአንድ ጊዜ መጨመርም ያው ነው። የሚያገናኘውም ኬብል የስፒከር ኬብል መሆን አለበት። የጊታር ኬብል ጫፉ ተመሳሳይ ቢሆንም የውስጥ ሽቦው ቀጭን ነው፤ ይሞቃል፣ ከቆየም ይቀልጣል።

ታናሹ ራምብል 100 አይበቃም ወይ? ለትንሽ ቤት፣ ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ለሚሠራ ወይም ድራመሩ በብሩሽ ለሚመታበት ጃዝ ይበቃል፤ ክብደቱም 10 ኪሎ ብቻ ነው። ድራመሩ በስቲክ በሚመታበት አዳራሽ ግን ባሱ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ድምፁ ይሰነጠቃል። የውጭ ካቢኔት ስለማይቀበልም ነገ ማሳደግ አይቻልም። ሁለቱን መግዛት የማይችል ሰው 500ውን ይግዛ።

ወደ አጠቃቀሙ እንምጣ። ሁሉንም የኢኳላይዘር ማስተካከያ መሃል ላይ አቁሙ፤ ሦስቱን ቁልፎችና ኦቨርድራይቩን አጥፉ፤ ማስተሩን (የመጨረሻውን ከፍታ የሚወስነውን) ዝቅ አድርጉ። ሾው ላይ በምትመቱበት ጉልበት፣ በልምምድ ጣት ሳይሆን፣ ወፍራሙን ክር እየመታችሁ ጌይኑን (ከባሱ የሚገባውን ድምፅ መጠን የሚወስነውን) ቀስ በቀስ ጨምሩ። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ትንሽ መልሱት። ከዚህ በኋላ ከፍታውን የምትቆጣጠሩት በማስተሩ ብቻ ነው። ጌይን አንሶ ማስተር ከበዛ እሽታ ይሰማል፤ ጌይን ከበዛ ደግሞ የእያንዳንዱ ኖታ አነሳስ ይደበዝዛል።

ባስ የሚለውን ማስተካከያ አብዝቶ መጨመር በአዳራሾቻችን በብዛት የሚሰማ ስህተት ነው። የባለ አራት ክር ባስ ዝቅተኛው ኖታ 41 ሄርዝ ነው፤ የባለ አምስት ክሩ 31። በዚህ መጠን ያለ ኮምቦ እነዚህን በሙሉ ጉልበት አያወጣም። ጆሮ ኖታውን የሚለየው ከሱ በላይ ባሉት ተከታይ ድምፆች፣ ከ80 እስከ ጥቂት መቶ ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ባሱን መክፈት ዋቱን ለማይሰማ ድምፅ ማፍሰስ ነው፤ ስፒከሩንም ያለ ጥቅም ያንገላታል። በቺክቺካ ምት ጉዳቱ ይብሳል፤ ኖታዎቹ አጭርና ተከታታይ ስለሆኑ የአንዱ ጭራ የሚቀጥለውን ይሸፍናል፤ የእግር ድራሙም ከባሱ ጋር ተደባልቆ አንድ ጉርምርምታ ይሆናል። ባሱን ከመሃል ትንሽ ዝቅ፣ ሎው ሚዱን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻውን መስመሩን ያወጣዋል። የጣት አነሳሱ እንዲለይ ሃይ ሚዱን በጥቂቱ መጨመር ይረዳል፤ ከበዛ ግን አፍንጫ ውስጥ የሚነገር ይመስላል።

አምፕ የማይፈታው ችግርም አለ፤ የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ። ብዙ ባንዶቻችን ውስጥ ኪቦርዲስቱ ብቻውን መሥራት የለመደ ስለሆነ ባሱን በግራ እጁ ይመታል። ባሲስት ሲመጣም እጁ አይተውም። ሁለት ባስ በአንድ ክልል ከተመታ ምንም ዓይነት ኢኳላይዘር አይለያቸውም። ከሾው በፊት ተነጋግሮ ግራ እጁን አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ እንዲያወጣ ወይም እንዲያሳርፍ መስማማት ከማንኛውም ቁልፍ ይበልጣል።

ኮንቱር የሚለው ቁልፍ መሃሉን ቆርጦ ባሱንና ትሬብሉን ያነሳል። ሱቅ ውስጥ ለብቻው ሲሰማ ያምራል፤ ባንድ ሲገባ ባሱን ያጠፋዋል። ለሾው ዝግ ይሁን። ቪንቴጅ ድምፁን ክብና ለስለስ ያለ ያደርጋል፤ ለዝግ ያለ ትዝታ በእውነት ያምርበታል። ብራይት ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ ለሚጫወቱበት ስልት፣ ለስላፕ፣ ነው። በትዊተሩ በኩል የክር ጩኸትና እሽታ ከበዛባችሁ ከኋላ ትዊተሩን አጥፉት። በፒክአፕ የሚሰካ ባስ ክራርም በዚህ አምፕ በደንብ ይወጣል፤ ነገር ግን ገላው ውስጡ ባዶ ሳጥን ስለሆነ ቶሎ ይጮኻል። ከስፒከሩ ፊት ዞር ብሎ መቆምና ጩኸቱ በሚነሳበት ክልል፣ ብዙውን ጊዜ ሎው ሚድ ላይ፣ መቀነስ ነው።

አምፑ የሚቀመጥበት ቦታ የድምፁን ግማሽ ይወስናል። ወለል ላይ ሆኖ ከግድግዳ ከተጠጋ ባሱ ይወፍራል፤ ማዕዘን ውስጥ ከገባ የበለጠ ይወፍራል። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ባለው አዳራሽ ይህ መከራ ነው፤ ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ማራቅ ያቃልለዋል። ከሥሩ ባዶ የሆነ የጣውላ መድረክ ራሱ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ወፍራም ስፖንጅ ማንጠፍ ወይም ጠንካራ ሳጥን ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከፍ ሲል ሌላም ጥቅም አለው፦ ስፒከሩ ወደ ጉልበታችሁ ሳይሆን ወደ ጆሯችሁ ያያል፤ ራሳችሁን ለመስማት ብላችሁ ማስተሩን አትጨምሩም። ድንኳን ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ በሚደረግ ሰርግ ግን ባስ የሚመልስ ግድግዳ የለም። እዚያ ኮምቦው ለመድረኩ ብቻ ነው፤ ለሕዝቡ የሚደርሰው በትልቁ ሳውንድ ሲስተም ነው።

ለዚህም ከኋላ ባለ ሦስት ፒን የላይን መውጫ አለ፤ ያለ ሌላ ሳጥን በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይሄዳል። ጉድለቱ የሚወጣው ድምፅ ኢኳላይዘሩን ያለፈ መሆኑ ነው፤ ከኢኳላይዘር በፊት ልቀቅ የሚል መምረጫ የለውም። ስለዚህ መሃል ሾው ላይ ለመድረኩ ብላችሁ ባስ ስትጨምሩ አዳራሹም ላይ ይጨምራል፤ ሳውንድ ማኑም ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። ሳውንድ ቼክ ካለቀ በኋላ አትንኩት። ይህ የማይዋጥለት ሰው ከአምፑ በፊት የተለየ ዲአይ ቦክስ (የባሱን ድምፅ በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚልክ ትንሽ ሳጥን) ይጠቀም።

እምምታ ሲሰማ ምንጩን መለየት ቀላል ነው። የባሱን ቮልዩም ዝጉ፤ ከጠፋ ችግሩ ባሱ ወይም በአቅራቢያው ያለ መብራት ነው። ካልጠፋ ወደ ሚክሰር የሚሄደውን ኬብል ንቀሉ፤ አሁን ከጠፋ በአምፑና በሚክሰሩ ግራውንድ መካከል የተፈጠረ ዙር ነውና ከኋላ ያለውን የግራውንድ ሊፍት (ያን ዙር የሚቆርጥ ቁልፍ) ተጫኑ። የመሰኪያውን የግራውንድ ፒን መቁረጥ ወይም በአዳፕተር መዝለል ግን ሰው ይገድላል። ክሩን ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ ከነዘራችሁ መስመሩ ችግር አለበት፤ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ሥራ አትጀምሩ።

መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር አምፕ የሚበላሸው በብዛት በዚሁ ነው። ፌንደር ይህን ኮምቦ ለየገበያው ቮልቴጅ ለይቶ ይሸጣል። ከአሜሪካ የመጣው 120 ቮልት ነው፤ አዲስ አበባ በ220 ላይ ከተሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ዘመድ ይዞት እንዲመጣ ከማዘዛችሁ በፊት ከኋላ ያለውን መለያ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ክብደቱ በ23 ኪሎ የሻንጣ ገደብ ውስጥ ቢገባም ካርቶኑን ጨምሮ የሻንጣውን ልክ መጠየቅ ያስፈልጋል። የ120 ቮልቱ ከመጣ 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ግድ ነው፤ መለያው ላይ ከተጻፈው ፍጆታ ቢያንስ እጥፍ የሚሸከም ይሁን፤ የግራውንድ ቀዳዳ ያለው መሆኑንም አረጋግጡ። ርካሾቹ የላቸውም። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቴጁ ይስማማል፤ የሚለየው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ፒን መሰኪያው ነው። መብራት ሲሄድ አጥፍታችሁ ንቀሉ፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ጄኔሬተር ከሆነ ተነሥቶ ከተረጋጋ በኋላ ስኩ። የመድረክ መብራቶች ከተሰኩበት መስመር መለየትም እምምታን ይቀንሳል።

ከዚህ የተሻለ አለ? ማርክባስ ሚኒ ሲኤምዲ 121ፒ አለ፤ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ብቻውን 300 ዋት፣ ካቢኔት ሲጨመር 500። ክብደቱ ይቀላል፤ መካከለኛው ድምፁም ከራምብሉ የጠራ ነው። ዋጋው ግን ብዙ ይርቃል። በየቀኑ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ይገባዋል፤ ለሌላው ልዩነቱ ለተጨማሪ ካቢኔት ቢውል ይሻላል። ወፍራምና ሻከር ያለ ድምፅ የሚወድ የአምፔግ ኩባንያን አምፖች ይስማ፤ የራምብሉ ኦቨርድራይቭ ያን ያህል አያረካም።

ያገለገለ የሚገዛ ከሆነ የራሱን ባስና ኬብል ይዞ ይሂድ። ከፍ አድርጎ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኖታ በኖታ ወደ ላይ ይውጣ፤ በአንዱ ኖታ ላይ ብቻ የሚነሳ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ የላላ የፊት መረብ ወይም ብሎን ነው፤ ይጠበቃል። በሁሉም ላይ የሚሻከር ከሆነ ስፒከሩ ተጎድቷል። ማስተካከያዎቹን ሲያዞሩ የሚሰማ ክርክርታ በኮንታክት ክሊነር ይጠፋል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ አያስጥልም። የኬብሉን ጃክ ነቅነቅ ሲያደርጉ ድምፁ ከተቆራረጠ የመግቢያው ብየዳ ለቋል። መጨረሻ ላይ የላይን መውጫውን ከሚክሰር ጋር አገናኝቶ ይስማ፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይፈትሹት፣ ሾው ላይ ግን የሚያስፈልገው እሱ ነው።