የባጃጅ ወጥ ቤት ወይስ የድግስ ዕቃ? የኮምቦልቻና የደሴ ስሌት

ጥቂት ብር ቋጥሮ ተንቀሳቃሽ የምግብ ሥራ መጀመር የሚፈልግ ሰው እኛ ሰፈር ብዙ ነው። ምርጫው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ ኋላው ወጥ ቤት የሆነ የጭነት ባጃጅ ነው። ሌላው ለሰርግና ለስብሰባ የሚሆን የድግስ ዕቃ ነው፤ ትልልቅ ድስት፣ ማሞቂያ፣ ሳህን።

ባጃጁ ለኮምቦልቻ ይሻላል። ከተማው ሜዳ ይበዛዋል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክና የቆዩት ፋብሪካዎች ደግሞ በፈረቃ የሚገባና የሚወጣ ሠራተኛ አላቸው። ለስሌት ያህል፣ በቀን 60 ሳህን በ100 ብር ሸጣችሁ እንበል። 6,000 ብር ገባ። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽሮው 3,600 ይውሰድ። ረዳት፣ ከሰልና ቤንዚን 900። እጃችሁ ላይ 1,500 ይቀራል። በወር 26 ቀን ከሠራችሁ 39,000 ብር ነው። የዕለቱን ዋጋ እናንተ ተኩበት። ዱቤ ላይ ግን ጠንከር በሉ፤ ደሞዝ እስኪወጣ የበላ ሰው ሥራ ሲለቅ ሒሳቡም አብሮት ይሄዳል።

የድግሱ ሥራ ደሴ ላይ ደህና ብር አለው። 200 እንግዳ በ500 ብር ብትዋዋሉ 100,000 ነው። ለአስቤዛ 65,000፣ ለሠራተኛና ለመጓጓዣ 15,000 ብታወጡ በአንድ ቀን 20,000 ታገኛላችሁ። ጥር ላይ አራት ሰርግ ከያዛችሁ የባጃጁን የወር ገቢ እጥፍ አለፋችሁ። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ግን የክርስቲያኑ ሰርግ ይቆማል፤ ሳህኑም መጋዘን ይተኛል።

ወጪውንም አትርሱ። የወሎ ድግስ ሁለት ወጥ ቤት ነው። የእስላሙና የክርስቲያኑ ሥጋ አይገናኝም፤ አራጁም፣ ቢላውም፣ ድስቱም ለየብቻ ነው። አንዴ ሳግዝ ያየኋት ወጥ ሠሪ የአንዱ ወገን ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስራ ነበር። ማንም እንዳይሳሳት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነው ቀጣዩን ሰርግ የሚያመጣው። ደግሞ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምስሩ ይዘገያል፣ ከሰሉም ይበዛል።

ባጃጁ እዚህ ላይ ይበልጣል። ሽሮ፣ ምስርና በያይነቱ የማን እርድ ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ሁሉም ይበላዋል። ረመዳን ሲገባ የቀኑ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ግን ወደ ማፍጠሪያው ሳምቡሳና ሾርባ ይዛችሁ ብትቆሙ ሁሉም ይሸጥላችኋል።

በእጅ የሚገፋ ጋሪስ? ለሻይና ለብስኩት ይበቃል። ለምሳ አልመክርም፤ ወጡ ይቀዘቅዛል።

እኔ ብሆን ባጃጁን ገዝቼ ኮምቦልቻ እጀምራለሁ። የድግስ ዕቃ አልገዛም። ጥር ላይ ሰርግ ሲገኝ ቀብድ ተቀብዬ፣ ድስቱንና ሳህኑን ተከራይቼ፣ በአይሱዙ ጭኜ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ እወጣለሁ።