አዳሊሙማብ፦ በየሁለት ሳምንቱ የምወጋው መርፌ

ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብኝ፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ሲነጋ ጣቶቼ አብጠው ድርቅ ይሉ ነበር። የውሃ ጠርሙስ ክዳን እንኳ ሰው ነበር የሚከፍትልኝ። ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት ብቻውን አላሻለኝም፤ ሐኪሜ አዳሊሙማብ ጨመረችልኝ።

አዳሊሙማብ አንቲቦዲ ነው፤ አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ማለት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ቲኤንኤፍ የሚባል ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን አለ፤ ጀርም ሲመጣ ይጠቅመናል፣ በእኛ በሽታ ግን ሲበዛ የገዛ መገጣጠሚያችንን ያቃጥላል። አንቲቦዲው ይህን ፕሮቲን ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። ቢዋጥ ሆድ ውስጥ ይፈጫል፣ በክኒን የማይሰጠውም ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው።

አሁን ስለ አወጋጉ። የእኔ 40 ሚሊግራም የያዘ እንደ እስክሪብቶ ያለ መርፌ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ አይሠራም። መጀመሪያ ላይ ከፍሪጅ አውጥቼ ወዲያው እወጋ ነበር፣ ጭኔን እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር፣ እንባዬ ሁሉ ይመጣ ነበር። አሁን ግማሽ ሰዓት ውጭ አስቀምጠዋለሁ። ቆዳዬን ቆንጥጬ ይዤ እጫነዋለሁ፣ ቀጭ ይላል፣ ትንሿ መስኮት በቀለም እስክትሞላ አልለቅም። ደግሞ ሲትሬት (መድኃኒቱ ውስጥ የሚጨመር፣ ሲወጋ የሚያቃጥል ጨው) የሌለበት ዓይነት ሲቀየርልኝ ሕመሙ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ስትቀበሉ ሲትሬት አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ!

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። ሦስት ወር ገደማ ፈጀብኝ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ሸሚዜን ያለ እርዳታ ቆለፍኩ። ሁሉም ሰው ላይ ግን እኩል አይሠራም፤ አንዳንዱ ሰውነት ራሱ በመድኃኒቱ ላይ አንቲቦዲ ያመርትበትና ኃይሉን ያጣል።

አንድ ነገር አደራ። የቲቢ ምርመራ ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ። ተደብቆ የተኛ ቲቢ ካለ፣ አፍኖ ከያዘው ነገር አንዱ ይኸው የምንከለክለው ቲኤንኤፍ ስለሆነ ሊነሳ ይችላል። ሕያው ጀርም ያለባቸው ክትባቶችም አይፈቀዱም። ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪም ሳትነግሩ አትወጉ። እኔ ባለፈው ጉንፋን መስሎኝ ደረቴን ሲይዘኝ ደወልኩ፣ እስክድን አንዱን መርፌ አዘለለችኝ። ጣቶቼን ትንሽ ቆረጠመኝ፣ ሳንባዬ ግን በጊዜው ታከመ።