ፏፏቴ ለማየት የትኛው አገር ይሻላል? ኢጉዋዙ፣ ቪክቶሪያና ናያግራ

«አንድ ታላቅ ፏፏቴ ብቻ የማየት ዕድል ቢኖረኝ የትኛውን ልምረጥ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ወዳጆች ብዙ ናቸው። ከጥያቄው ጀርባ ለዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ ስላለ ዳር ዳር ማለት ተገቢ አይመስለኝም። መልሴ ኢጉዋዙ ነው፤ እርሱም ከአርጀንቲና በኩል፣ ሁለት ቀን ተመድቦለት። ቪክቶሪያ ወሩ በጥንቃቄ ከተመረጠ ሁለተኛ ይሆናል። ናያግራን ለማየት ብቻ ብሎ ውቅያኖስ ለማቋረጥ ያሰበ ካለ ግን ሐሳቡን እንዲቀይር አጥብቄ እመክረዋለሁ።

የሦስቱ ፏፏቴዎች ስፋትና ከፍታ በየመጽሐፉ ስላለ አልደግመውም። ለመንገደኛ የሚጠቅመው ሦስቱም ድንበር ላይ መሆናቸውን ማወቅ ነው፤ ኢጉዋዙ በአርጀንቲናና በብራዚል፣ ቪክቶሪያ በዚምባብዌና በዛምቢያ፣ ናያግራ በካናዳና በአሜሪካ መካከል። ውሃው አንድ ሆኖ ሳለ የመግቢያው ዋጋም ሆነ የሚታየው ነገር እንደቆሙበት ዳርቻ ይለያያል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ፏፏቴውን መርጦ ዳርቻውን ሳይመርጥ ሲቀር ነው።

ብዙ ቅሬታ የምሰማው ስለ ቪክቶሪያ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። በቅርብ ዓመታት የውጭ አገር ጎብኚ በዚምባብዌ በኩል ለመግባት 50 የአሜሪካ ዶላር፣ በዛምቢያ በኩል ደግሞ 20 ዶላር ሲከፍል ቆይቷል። የ30 ዶላር ልዩነት ቀላል ስላልሆነ ሰው ወደ ርካሹ ያዘነብላል። ነገር ግን ከፏፏቴው ፊት ለፊት ከሚታየው ሦስት አራተኛው ያህል ያለው በዚምባብዌ በኩል ነው። በዚያ ላይ በጥቅምትና በኅዳር የዛምቤዚ ወንዝ ሲጎድል የዛምቢያው ወገን ለመድረቅ ይቃረባል። በዚህ ወቅት 20 ዶላር ከፍሎ የገባ ሰው ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ጥቁር የድንጋይ ግድግዳና እዚህም እዚያም የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ነው። ከዚያ ይልቅ 50ውን ከፍሎ ወደ ዚምባብዌ መግባት በጣም ያዋጣል። የዛምቢያው ዳርቻ በእነዚህ ወራት ያለው ብልጫ አንድ ነው፤ ውሃው ስለሚቀንስ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለው የተፈጥሮ ገንዳ ከአስጎብኚ ጋር መዋኘት ይቻላል። ለዚያ ግን ሌላ ክፍያ አለ፤ መጠኑም ከመግቢያው በብዙ ይበልጣል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ወንዙ ሞልቶ ሲወርድ ከገደሉ ሥር የሚነሣው ጉም ፏፏቴውን ራሱን ይሸፍነዋል። ድምፁ ደረት ያንቀጠቅጣል፣ ዓይን ግን ከነጭ ጭጋግ በቀር የሚያየው የለም። እኔ ብመርጥ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ እሄዳለሁ፤ ውሃውም አይጎድልም፣ ጉሙም ገለጥ ይላል።

ውሃው በሚበዛበት ወቅት በመግቢያው አካባቢ የዝናብ ልብስ የሚያከራዩና የስልክ መያዣ ላስቲክ የሚሸጡ ሰዎች ይከብቡዎታል። የዝናብ ልብሱ ቢቀደድ መርጠብ ነው፤ የማስጠነቅቀው ስለ ላስቲኩ ነው። ውሃ አያስገባም ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ቅጂ በመልኩ ከትክክለኛው አይለይም። ልዩነቱ ያለው አፉ ላይ ነው። ጥሩው በላዩ ጠንካራ መቆለፊያ አለው፤ ቅጂው ግን በጣት ተጭነው የሚዘጉት አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ስላለው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲከፈት ይላላል። አብሮኝ የነበረ ወዳጄ ስልኩን እንዲህ ባለ ላስቲክ ይዞ ገባ። ስንወጣ ጠብታዎች በላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ተደርድረው ነበር። ስልኩ ያን ቀን ምንም አልሆነም። ከጊዜ በኋላ ግን ቻርጅ መቀበል አቆመ፤ ጠጋኙ ሲፈታው በመሰኪያው ውስጥ አረንጓዴ ዝገት አገኘ። ለጥገናው የተከፈለው ገንዘብ የሁለቱንም አገሮች መግቢያ ይሸፍን ነበር። ስለዚህ ላስቲኩን ከጉዞው በፊት ይግዙ። በውስጡ ስልክዎን ሳይሆን ደረቅ የወረቀት መሐረብ ይክተቱና ባልዲ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይድፈቁት። ወረቀቱ ትንሽ እንኳን ከራሰ ላስቲኩን አይመኑት።

ሁለቱንም ዳርቻ ለማየት ለቆረጠ ሰው ካዛ የተባለው የጋራ ቪዛ አለ። በ50 ዶላር ለ30 ቀናት በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ያመላልሳል። የሚሰጠው ግን ለተወሰኑ አገሮች ፓስፖርት ስለሆነ የእርስዎ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ስለ ናያግራ ብዙ አልልም። ማየቱ በሁለቱም አገሮች ነጻ ነው፤ ፊት ለፊት የሚያሳየው ደግሞ የካናዳው ዳርቻ ነው። ነጻ ነው ብለው የሄዱ ግን በመኪና ማቆሚያና በሆቴል ይከፍሉታል። አንዳንድ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ሒሳቡ ላይ የቱሪዝም ማስተዋወቂያ የሚል ክፍያ ይጨምራሉ። ይህ የመንግሥት ግብር አይደለም፤ ሲጠየቁም የሚሰርዙ ስላሉ ደረሰኙን ሳያነቡ አይክፈሉ። ውሃውም ቢሆን በልክ የሚለቀቅ ነው። ካናዳና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950 ባደረጉት ስምምነት መሠረት በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን ቢያንስ በሰከንድ 2,832 ሜትር ኩብ እንዲወርድ ይደረጋል፤ በሌሊትና በብርዱ ወራት ይህ በግማሽ ሊቀነስ ይችላል። ቀሪው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሄዳል። ለሌላ ጉዳይ በአቅራቢያው ካሉ ይዩት፤ በቀን ይሁን።

ኢጉዋዙን የማስቀድመው ገንዘቡ ስለማይባክን ነው። ፏፏቴዎቹ ወደ 275 ገደማ ሲሆኑ 80 በመቶ ያህሉ በአርጀንቲና በኩል ይገኛሉ። በብራዚል በኩል 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በእግር እየሄዱ መላውን ትዕይንት ከሩቅ ያያሉ፤ ለፎቶግራፍ ከርሱ የሚሻል የለም፣ ግማሽ ቀንም ይበቃዋል። በአርጀንቲና በኩል ግን ከፏፏቴዎቹ ሥርም ላይም ይቆማሉ። ከመግቢያው ክፍያ ጋር የተካተተው ትንሽ ባቡር ካደረሰዎት በኋላ 1,100 ሜትር የሚረዝም የብረት መተላለፊያ በሰፊውና በጸጥተኛው ወንዝ ላይ ይወስድዎታል። ወንዙ ዝናብ ከዘነበ ቀይ ቡናማ ነው። መተላለፊያው ሲያልቅ ያ ሁሉ ውሃ ከእግርዎ ሥር በአንድ ጊዜ ገደል ይገባል። ይህን ስሜት በሌሎቹ በሁለቱ አላገኘሁትም። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣ ጎርፍ መተላለፊያውን አፍርሶት እንደነበር አስታውሰው፣ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት ክፍት መሆኑን ይጠይቁ።

በአርጀንቲና በኩል መግቢያው የሚከፈለው በአገሩ ገንዘብ በፔሶ ነው። የዋጋ ንረቱ ከባድ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይከለሳል፤ ዓምና የሄደ ሰው የነገረዎትን ዋጋ ይዘው በጀት አይያዙ። ትኬቱን ከፓርኩ ከራሱ ድረ ገጽ ይግዙ፤ በመልክ እርሱን የሚመስሉ የሻጮች ገጾች ያንኑ ትኬት በላዩ ጨምረው ይሸጡታል። ኮዋቲ የሚባሉት ሹል አፍንጫና ባለ ቀለበት ጅራት እንስሳት ምግብ ከእጅ ይነጥቃሉ። የተነከሱ እጆችን ፎቶግራፍ የያዙ ማስጠንቀቂያዎች በየቦታው ተለጥፈዋል፤ ይመኗቸው፣ ምግብዎን ከቦርሳዎ አያውጡ።

በማግስቱ ለሚመለስ ጎብኚ መግቢያው በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ቅናሽ ስላለ ነው ሁለት ቀን የምለው፤ በመጀመሪያው ቀን ረጅሙን መተላለፊያ ይጨርሱ፣ በሁለተኛው ታችኛው ዙርና ላይኛው ዙር የሚባሉትን የእግር መንገዶች ሳይቸኩሉ ይዙሩ። የመጀመሪያው ቀን ሲያበቃ በሩን ከመውጣትዎ በፊት ትኬትዎን አሳይተው ቅናሹ እንዴት እንደሚሰጥ ይጠይቁ።