የአባቴን ዲኤክስ ቀይነቷን ለመለሱልኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ማመስገን ስላለብኝ ነው። አሮጌ መኪና ይዛችሁ "የት ላስቀባ?" እያላችሁ ለምትጨነቁም ይጠቅማችኋል።

መኪናችን የ1986 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሰው ሁሉ ዲኤክስ የሚላት። አባቴ ሲገዛት ደማቅ ቀይ ነበረች። የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ በቀይ ቀለም ይጨክናል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፣ ጨረሩ ኃይለኛ ነው። የኛ መኪና ጥላ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ስንት ዓመት ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ሜዳ ላይ ነው ያደረችው። ኮፈኑና ጣሪያው መጀመሪያ ብርቱካናማ ሆነ፣ ከዚያ ሮዝ፣ በመጨረሻ ዱቄት የተነፋበት መሰለ።

ዘንድሮ ለጥምቀት እናቴን ይዤ ልወጣ ስል፣ ስትገባ ነጠላዋ በሩን ታከከው። ነጩ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ሮዝ ቀለም ቀረ። እናቴ ምንም አላለችም። የቆሸሸውን ወደ ውስጥ አጥፋ ነጠላውን እንደገና ተከናነበች። እኔ ግን ያን ቀን ቆረጥኩ።

"ሸጠሽ ሌላ አትገዢም?" ያሉኝ ብዙ ናቸው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው፤ መሪው ላይ የእጁ ልማድ አለ። ደግሞስ ምን ልገዛ? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ የአሮጌውም ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ቦሎ ለማውጣት ተቸግሬ አላውቅም። ያረጀው ቀለሟ ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ከዚህ በፊት አንዴ ተቃጥያለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ የግራውን ጎን በሦስት ቀን ቀብቶ አስረከበኝ። የበሩ ጎማ ላይ ሳይቀር ቀለም ረጭተውበታል። ዓመት ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ስመለስ "ፀሐይ ነው" አሉኝ።

ጋሼን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። የኋላ መብራት ልገዛ ሶማሌ ተራ ሄጄ፣ ባለሱቁ መኪናዬን ዞር ብሎ አየና "ይቺን ለእሳቸው አሳያቸው... ይቅርታ እህቴ፣ አሳዪያቸው እንጂ" አለኝና አቅጣጫውን ነገረኝ። ከአብነት ብዙ ሳይርቅ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ትንሽ ግቢ ናት።

መኪናዋን ሲያዩ ስለ ዋጋ አላነሱም። ከቱታቸው ኪስ ማግኔት አወጡ። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ነው፤ እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልለውታል። ኮፈኑ ላይ አስጠጉት፣ ጥብቅ አለ። በሩ ላይ፣ ጥብቅ። ከቀኝ የኋላ ጎማ በላይ ሲደርሱ ግን ማግኔቱ ተንሸራቶ እጃቸው ላይ ወደቀ። "ልጄ፣ እዚህ ጋ ላሜራ የለም። ስቱኮ ነው" አሉኝ። እኔም እንድሞክረው ሰጡኝ። እውነትም አይዝም።

ሲፈለፍሉት አውራ ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው ስቱኮ ወጣ። ከሥሩ ያለው ብረት በዝገት አልቆ እንደ ድርቆሽ ይፈረካከሳል። ያኔ ያሉኝን አልረሳውም፦ "ይህን ሳልነካ በላዩ ብቀባልሽ ለፋሲካ ታምሪያለሽ። ክረምቱ ሲወጣ ትረግሚኛለሽ።"

የበሰበሰውን ቆርጠው በባትላሜራ አዲስ ላሜራ አስበየዱበት፣ ጸረ ዝገት ቀቡት። እያንዳንዱን ነገር ከመሸፈናቸው በፊት ጠርተው አሳዩኝ። ስቱኮ የተጠቀሙት ብየዳውን ለማስተካከል ብቻ ነው፣ ያውም በስሱ።

ከዚያ ዋናውን ቀለም ፍለጋ ገቡ። የበሩን ጎማ በጥንቃቄ ሲነቅሉት ከሥሩ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ ቀይ ተገኘ። ሁለት ጣት የምታህል መስመር ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ያላየሁት ቀይ ነው፤ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በሻሽ ሲወለውለው የማውቀው። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ፣ ጋሼም ዝም ብለው ጠበቁኝ። የተበጠበጠውን ቀለም ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ እየረጩ፣ አንዴ ፀሐይ ላይ አንዴ ጥላ ውስጥ ከዚያች መስመር ጋር አስተያዩት። ሁለቴ "ይህ አይደለም" ብለው መለሱት። ሊብሬው ላይም ቀይ ስለሚል የቀለም ለውጥ ጣጣ አልነበረብኝም።

መብራቱን፣ ፓራውልቱን፣ የበር እጀታውን ሁሉ ፈቱት። በጋዜጣ ሸፍኖ መርጨት እሳቸው ዘንድ የለም። ብሎኖቹን ልጆቹ በየጣሳው ለይተው ጻፉባቸው። የብርጭቆ ወረቀቱ ሥራ ብቻ ከሳምንት በላይ ፈጀ፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ በኋላ በልዝቡ ከውሃ ጋር። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ይዳብሱታል። "ዓይን ይታለላል፣ እጅ አይታለልም" ይላሉ። የሆነ ቦታ ላይ ይቆሙና በእርሳስ ያከቡታል፤ ልጁ እንደገና ይጀምራል።

ሊረጩ ሲሉ የበልግ ዝናብ ያዘን። ራሳቸው ደውለው "አምስት ቀን ታገሺኝ" አሉኝ። አየሩ ሲረጥብ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ከኮምፕሬሰሩ ጋር ውሃ ከወጣማ ቀለሙ ላይ የዓሣ ዓይን የሚመስል ጉድጓድ ይሠራል። በረጩበት ቀን ሄጄ ነበር። አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን በውሃ አርሰውታል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ቀለም ነው የተጠቀሙት፤ አንዱን ዙር ረጭተው እስኪጠነፍፍ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ሌላውን።

ዋጋቸው ከጠየቅኳቸው አራት ቦታዎች መካከለኛው ነበር። የቀለሙንና የላሜራውን ደረሰኝ አሳይተውኝ፣ የተረፈውን ገንዘብ መለሱልኝ። ሁሉም በአንድ ወር ገደማ አለቀ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ስልክ ቶሎ አያነሱም። ሥራ ላይ ከሆኑ ጭራሽ አያነሱም። በአካል ብትሄዱ ይሻላል።

ሲያስረክቡኝ የነገሩኝን ለእናንተም ላካፍል። የመጀመሪያውን ሳምንት አትታጠብ። ሁለት ወር እስኪሞላት ሰም አትቀባ። በኦሞ በጭራሽ አትታጠብ፣ ቀለሙን ያደርቀዋል። የወፍ ኩስ ካረፈባት እዚያው በእርጥብ ጨርቅ ይነሳ። ዛፍ ሥር አታቁሟት፤ ለፀሐይ ደግሞ ልብስ ይሰፋላት። ልብሱን አሰፍቻለሁ።

የፋሲካ ለት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ከመግባቷ በፊት መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ገልብጣ አየችው። "አባትሽ ቢያያት" አለች።

ጋሼ ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት መኪና በላይ ስለማይዙ ሰው እንዳይበዛባቸው ነው። አስቀቢ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እሰጣችኋለሁ። ክረምት ሲገባ መርጨት ስለሚያቆሙ ፈጠን በሉ። ሲጠርጉ፣ ሲያለሰልሱ ለከረሙት ልጆችም ትንሽ ነገር መያዝ እንዳትረሱ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎት ነግሮኛል። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው።