ካማኩራ የሚገኘው የሃሴ-ዴራ የጂዞ አዳራሽ፦ ሕፃን ለሞተባቸው ወላጆች የሚሰጥ አገልግሎት ሲመዘን

ከቶኪዮ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል በምትርቀው በካማኩራ የሚገኘው የሃሴ-ዴራ የቡድሃ ቤተ መቅደስ በአብዛኛው የሚታወቀው ከእንጨት ተቀርጾ በወርቅ በተለበጠው፣ 9.18 ሜትር ከፍታ ባለው፣ ካኖን በተባለው የቡድሃ እምነት የርኅራኄ ቅዱስ ሐውልትና በሰኔ በሚያብቡት የሃይድሬንጃ አበቦች ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ግን ብዙው ጎብኚ ወደ ላይ ሲወጣ ገረፍ አድርጎት የሚያልፈውን ክፍል፣ ማለትም ሳይወለዱ ወይም በጨቅላነታቸው ለሞቱ ልጆች ጸሎት የሚደረግበትን፣ በቡድሃ እምነት የልጆች ጠባቂ ለሆነው ቅዱስ ለጂዞ የተሠራውን አዳራሽና በዙሪያው የተደረደሩትን ትንንሽ የድንጋይ ምስሎች ነው። ምስሎቹ ራሳቸውን የተላጩ ሕፃናት መነኮሳት ይመስላሉ፤ እጃቸውን አጣምረው፣ አንዱ ከሌላው ትከሻ ጋር ሊነካካ እስኪደርስ ተጠጋግተው ቆመዋል።

አገልግሎቱን ለመመዘን መጀመሪያ የቆመበትን እምነት ማወቅ ያስፈልጋል። በጃፓን ሕዝብ ዘንድ በኖረው ትረካ መሠረት የሞተ ሰው ሳንዙ የተባለውን ወንዝ መሻገር አለበት፤ ሕፃን ግን በጎ ሥራ ለማከማቸት ዕድሜ ስላላገኘና ቀድሞ በመሞቱም ወላጆቹን ስላሳዘነ፣ ሳይ ኖ ካዋራ በሚባለው ጠጠራማ ዳርቻ ይቀራል። በዚያም አንዱን ድንጋይ ለአባቱ፣ አንዱን ለእናቱ እያለ ይክባል፤ ክምሩ ሊያልቅ ሲል ጭራቆች መጥተው ያፈርሱበታል፤ እርሱም እንደገና ይጀምራል። ከዚህ ልፋት የሚያወጣቸው ጂዞ ነው፤ ልጆቹን በሰፊው እጅጌው ውስጥ ሸሽጎ ከጭራቆቹ ያስጥላቸዋል፣ በወዲያኛው ዓለምም አባትና እናት ይሆናቸዋል። የጂዞ አምልኮ መነሻው ሕንድ ቢሆንም፣ የጠጠሩ ዳርቻ ታሪክ ግን እዚያው ጃፓን የተወለደ የሕዝብ እምነት ነው።

በአርባና በሰማንያ ቀን የክርስትና ሥርዓት ላደገ፣ ወይም በልጅነቱ የሞተ ሁሉ በነቢዩ ኢብራሂም እንክብካቤ ሥር በጀነት ይኖራል ሲባል እየሰማ ላደገ አንባቢ ይህ ትረካ ይከብደዋል። ለእኔም ከብዶኛል፤ በመሞቱ ምክንያት የሚለፋ ጨቅላ ማሰብ ከፍትሕ ጋር አይታረቅልኝም። ሆኖም አዳራሹ ፊት ቆሞ ለተመለከተ ሰው የትረካው ጭካኔ ለሐዘንተኛው አንድ ነገር እንደሚሰጠው ግልጽ ነው፤ ይኸውም ሥራ ነው። ልጁ ብቻውን ድንጋይ የሚክብ ከሆነ እናቱ ልታግዘው ትችላለች፤ ምስል ታቆምለታለች፣ ውሃ ታፈስለታለች፣ ዕጣን ታጨስለታለች፣ መጫወቻ ታስቀምጥለታለች። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ጨቅላ የሞተባት ሴት «እግዜር ምትኩን ይስጥሽ፣ እርሱ እንደሆነ መልአክ ነው» ትባላለች፤ እምነቱ የሚያጽናና ቢሆንም አነጋገሩ የእናቲቱን አፍ ይዘጋል፣ ሄዳ የምትቀመጥበት ስፍራም አያዘጋጅላትም። ሃሴ-ዴራ በትክክል የሚያቀርበው ይህን ስፍራ ነው፤ ያስወረደችውም፣ ያስወረዳትም፣ ወልዳ ያጣችውም ሴት ምን እንደደረሰባት ሳትጠየቅ በአንድ መደዳ ትቆማለች።

ሚዙኮ ኩዮ የተባለው ይህ የጸሎት ሥርዓት ያለ ነቀፋ የኖረ አይደለም። አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው፤ ለዚሁ ዓላማ ተብሎ የተመሠረተው በቺቺቡ አካባቢ ያለው ሺዩንዛን ጂዞ-ጂ የተባለ ቤተ መቅደስም ሥራ የጀመረው በ1971 ነበር። በዚያ ዘመን ያልተጸለየለት ሕፃን መንፈስ ቤተሰቡን በበሽታና በመከራ ይቀጣል እያሉ በማስታወቂያ ፍርሃት የነዙና ገንዘብ የሰበሰቡ ነበሩ፤ ጆዶ ሺንሹ የተባለው ትልቅ የቡድሃ ክፍልም ሥርዓቱን አይቀበለውም። እኔም በዚህ ረገድ ከነቃፊዎቹ ጋር ነኝ፤ ሐዘንን በማስፈራራት የሚሸጥ ማንም ቢሆን፣ የየትኛውም ሃይማኖት አገልጋይ ቢሆን፣ ገንዘቡ ሊከፈለው አይገባም። በሃሴ-ዴራ ያየሁት ግን ጸጥ ያለ አቀባበል እንጂ ማስፈራሪያ አይደለም።

ንጽጽር የሚፈልግ በቶኪዮ ታወር አጠገብ ያለውን ዞጆ-ጂ የተባለውን ቤተ መቅደስ ይመልከት። እዚያ ምስሎቹ ቀይ ቆብ ደፍተው፣ ቀይ የልጅ መሐረብ አንገታቸው ላይ አስረው፣ በነፋስ የሚሽከረከሩ ባለ ቀለም መጫወቻዎች በጎናቸው ተተክለው ይታያሉ። ለዓይን የበለጠ የሚስብ ቢሆንም መንገደኛና ፎቶ አንሺ ይበዛበታል፤ ለመጸለይ ለሚመጣ ሰው ሃሴ-ዴራን አስቀድማለሁ።

ለመሄድ ላሰበ፣ ከካማኩራ ጣቢያ ኤኖደን በተባለው ትንሽ ባቡር ሦስተኛው ፌርማታ ሃሴ ሲሆን፣ ከዚያ በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። የመግቢያ ዋጋው ለአዋቂ 400 የን ነው። በአበባው ወራት ሰልፉ ስለሚረዝም በሌላ ጊዜ፣ ያውም በማለዳ መሄድ ይሻላል። ካሜራ የያዘ ሰው ምስሎቹን ቢያነሳ ክፋት የለውም፤ ፊታቸው የተንበረከከውን ሰው ግን አያንሳ።